ያጎረሰ ይራመድ

የናይሮቢን የቲካ መንገድ የመኪና ጃም ያላየ ሰው ትዕግሥተኛ ነኝ ብሎ ባያወራ ይሻለዋል። በ1998 ዓ.ም. ሁዳዴ ሊፈታ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው፣ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ካሳራኒ ሰፈር የወለደች ዘመዴን ልጠይቅ ሁለት ኪሎ የገንፎ ዱቄት በፌስታል ይዤ ከመሃል ከተማ ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ፓንጋኒን እንደ ምንም አልፈን የሙታይጋን አደባባይ እንደ ዞርን ሚኒባሱ ቆመ። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ሞተር ከጠፋ እንግዲህ ታውቁታላችሁ፤ ጋዜጣ ያለው ይዘረጋል፣ የሌለው ይተኛል።

እኔ በመስኮቱ ውጪ ውጪውን ስመለከት አንዲት ሴት በመንገዱ ዳር፣ በአቧራው ላይ እየተራመደች አለፈችን። ሞላ ያለች ናት፤ ዕድሜዋ ከአርባ አምስት አያንስም። ረዥም ጥቁር ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አስራ፣ ከቀሚሷ ሥር ነጭ የስፖርት ጫማ ተጫምታለች። እጇን እንደ ወታደር ታወናጭፋለች። ትንሽ ቆይቶ መኪናው ተንቀሳቀሰና ቀደምናት። ቆምን፤ ቀደመችን። እንደገና ቀደምናት፤ እንደገና ቀደመችን። በሦስተኛው ላይ ተሳፋሪው ሁሉ ጋዜጣውን አጥፎ ውድድሩን ይከታተል ጀመር። ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ጎረምሶች ሶዳ ተወራረዱባት።

ረዳቱ በበሩ አንገቱን አውጥቶ በስዋሂሊ ጠራት። «ማማ፣ ፓንዳ! ነይ ግቢ፣ ባዶ ወንበር አለኝ።»

ዞር እንኳ ሳትል በዚያው በስዋሂሊ መለሰችለት። «ዛሬ አልችልም ልጄ፣ ቸኩያለሁ።»

ማታቱው በሳቅ ተናጋ። እሷ ግን ፈገግ ሳትል በእኔ መስኮት በኩል አለፈችና ለራሷ በአማርኛ «እዚህ ውስጥ ገብቼማ መቼ ልደርስ ነው» ስትል ሰማኋት። እኔ ደግሞ የአገሬን ሰው አግኝቼ ዝም ብዬ ያለፍኩበትን ቀን አላስታውስም። አንገቴን አውጥቼ እህቴ ወዴት ነሽ አልኳት።

«ካሳራኒ። እርስዎስ?»

«እኔም ካሳራኒ።»

«ታዲያ እዚያ ተቀምጠው ምን ይሠራሉ?»

ፌስታሌን ይዤ ወረድኩ።

ስሟ ሙሉሸዋ ይባላል። መሃል ከተማ፣ አንድ ፎቅ ደረጃ ተወጥቶ የሚገባበት፣ ስምንት ጠረጴዛ ያለው የሐበሻ ምግብ ቤት አላት፤ ከከፈተችው አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ባሏ ካረፈ ወዲህ ካሳራኒ በተከራየችው ቤት ከአንድ ልጇ ከምርቃት ጋር ትኖራለች። ምርቃት አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ኮሌጅ ትማራለች። እዚሁ ናይሮቢ ስላደገች ወሬዋን በአማርኛ ጀምራ፣ በእንግሊዝኛ አልፋ፣ በስዋሂሊ ትጨርሳለች ትላለች እናቷ። በጾም ወቅት ሙሉሸዋ የማታውን ሥራ ለወጥ ቤት ሴቶቿ ትታ በጊዜ ትወጣለች። እስከ ሙታይጋ በማታቱ ትመጣና እዚያ ወርዳ የቀረውን በእግሯ ታዘግማለች። ታዘግማለች ማለቴ እንኳ ስህተት ነው፤ እኔ ነኝ ከኋላዋ ያዘገምኩት። የቀረው የምላችሁ ደግሞ ወደ ስምንት ኪሎ ሜትር ይሆናል።

ጎበዝ ሴት ነሽ አልኳት።

ሳቀች። «አምና አይተውኝ ቢሆን እንዲህ አይሉም ነበር። አምና ደግሞ ሳያዩኝ ማለፍ አይችሉም፤ መቶ ስምንት ኪሎ ነበርኩ። ሰው ሁሉ አንቱ ይለኝ ነበር እኮ። በዕድሜ እንዳይመስልዎ፤ በስፋት ነው።»

ከዚያ ወዲያ ካሳራኒ እስክንደርስ እሷ ተናገረች፣ እኔ እያለከለክሁ ሰማሁ።

ነገሩ የጀመረው አምና ስቅለት ዕለት ነው። የስቅለትን ስግደት የሰገደ ያውቀዋል፤ ከጠዋት ጀምሮ ጀምበር ልትገባ እስክታዘቀዝቅ ኪርያላይሶን እየተባለ፣ ግንባርን መሬት እያስነኩ መውደቅ፣ መነሳት፣ መውደቅ፣ መነሳት ነው። ሙሉሸዋ ከልጅነቷ ጀምሮ ቀርታ አታውቅም። ልጅ ሳለች እንዲያውም ከእኩዮቿ ጋር ማን ሳያርፍ ይሰግዳል እየተባባለች ትፎካከር ነበር። አምና ግን ገና ረፋዱ ላይ፣ ሠላሳኛውን ይሁን ሠላሳ አምስተኛውን እንደ ወደቀች መነሳት አቃታት። ክንዷን አዘዘችው፤ እምቢ አለ። ጉልበቷን አዘዘችው፤ አልሰማም።

«አጠገቤ ያሉት በጸሎት የተመሰጥኩ መስሏቸዋል» አለችኝ። «እኔ የምጸልየው እንድነሳ ብቻ ነው።»

በመጨረሻ ሦስት ሴቶች ተጋግዘው አነሷትና ከግድግዳው ሥር ለአሮጊቶች ከተደረደሩት ወንበሮች አንዱ ላይ አስቀመጧት። ከጎኗ የሰማንያ አንድ ዓመቷ እማማ ታየች ተቀምጠዋል። እማማ ታየች በሥርዓተ ጸሎቱ መሃል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ጉልበቷን መታ መታ እያደረጉ «እንኳን ደህና መጣሽ ልጄ» አሏት። «እኔ እንኳ እዚህ ወንበር ላይ የተቀመጥኩት በሰባ አራት ዓመቴ ነው። አንቺ ቀደምሽኝ።»

ቀኑን ሙሉ እዚያ ተቀምጣ ዋለች። የእናቷ እኩያ የሚሆኑ ሴት ፊት ለፊቷ ይሰግዳሉ፤ የሰባት ዓመት ሕፃን ይሰግዳል፤ የገዛ ልጇ ምርቃት ትሰግዳለች። እሷ ተቀምጣ ታያለች። ይህን ስትነግረኝ ሳቋ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠፋ፤ እርምጃዋም ትንሽ ቀዝቀዝ አለ።

«እትዬ፣ ረሃቡ አልጎዳኝም። ጥሙም አልጎዳኝም። ያ ወንበር ነው የጎዳኝ። የሚመጣው ዓመት ማንም ሳይደግፈኝ፣ በራሴ ጉልበት ወድቄ እነሳለሁ ብዬ ለራሴ ቃል የገባሁት እዚያው ላይ ተቀምጬ ነው።»

ያን ማክሰኞ ስቅለት አሥር ቀን ቀርቶታል። ከዚህ በኋላ የነገረችኝን ሁሉ ስሰማ ልቤ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ትችል ይሆን?

ፋሲካ እንዳለፈ ሐኪም ቤት ሄደች። ነርሷ ሚዛን ላይ አቁማት ብዙ ተራመጂ፣ ምግብ ቀንሺ አለቻት። ሙሉሸዋ ነገሩ ገረማት። ምን ልቀንስ? የምግብ ቤት ሰው መቼ ቁጭ ብሎ ይበላል? ጠዋት ሻይ ጠጥታ ትወጣለች፤ ቀኑን ሙሉ ቆማ ትውላለች፤ ማታ ደክሟት ሻይ ጠጥታ ትተኛለች። ምሳ የሚባል ነገር ከበላች አሥር ዓመት ሆኗታል። ይህን ሁሉ አስረዳቻት። ነርሷ መጀመሪያ ሚዛኑን፣ ቀጥሎ ሙሉሸዋን አየች።

ሙሉሸዋም መድኃኒቱን እኔ አውቀዋለሁ አለች፤ ጾም ነው። የነሐሴው ፍልሰታ ሲመጣ በየቀኑ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳትቀምስ ጾመች። አንድም ቀን አላጓደለችም። ጾሙ ተፈትቶ ሚዛን ላይ ስትወጣ ሦስት ኪሎ ጨምራለች።

«በጾም ሦስት ኪሎ የጨመረ ሰው ሰምተው ያውቃሉ?» አለችኝ።

ከነዚያ አንዷ እኔ ነኝ አልኳት። መንገድ ላይ ቆመን ተሳሳቅን። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የባዶ ሆድ ነገር ይታወቃል። በዘይት የራሰ የቻፓቲ ቂጣ አለ፤ የድንች ሳምቡሳ አለ፤ ለውዝ አለ፤ ስኳር የበዛበት ጥቁር ሻይ አለ። «ሁሉም የጾም ነው» አለች ሙሉሸዋ በጣቷ እየቆጠረች። «ዘይቱ የጾም ነው፤ ስኳሩ የጾም ነው፤ ድንቹ የጾም ነው። ነፍሴ ጾማለች፤ ሥጋዬ ግን በዓል ላይ ነበር።»

ዋናው ምሥጢር የተገለጠው ግን በመስከረም ነው፤ የገለጠችውም ምርቃት ናት። ኮሌጅ ተዘግቶ ስለነበር አንድ ቀን ሙሉ ካውንተር ላይ ተቀምጣ እናቷን አየቻት። ማታ ደንበኛው ሁሉ ከሄደ በኋላ እናቷን ጠርታ አንድ ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረችላት። ብርጭቆው ውስጥ ስቴኪኒ ታጭቋል።

«ማሚ፣ ዛሬ ምሳ በላሽ?» አለቻት።

«ምን ጊዜ አግኝቼ።»

«ኦኬ። ይሄ እኮ ጉርሻ ነው። አንድ ሰው ባጎረሰሽ ቁጥር አንድ ስቴኪኒ ከተትኩ። ፎርቲ ዋን፣ ማሚ። አርባ አንድ።»

ሙሉሸዋ ብርጭቆውን አንስታ ወደ መብራቱ አስጠግታ አየችው። «አርባ አንድ? እግዚኦታ ነው እንዴ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። የሙሉሸዋ ቤት የተወደደው በወጡ ብቻ አይደለም። በምሳ ሰዓት ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረች እንግዶቿን ታጫውታለች፣ የታመመ ትጠይቃለች፣ የተጣላ ታስታርቃለች። እንግዳውም በፋንታው ቤት ያፈራውን ጠቅልሎ በይ ሙሉ ይላታል። እሷም አፏን ትከፍታለች። አሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ ስትኖር አንድም ጊዜ በልቻለሁ ብላ አስባ አታውቅም።

«ጉርሻ እኮ መብላት አይደለም» አለችኝ፣ እስካሁን ድረስ እንደሚገርማት። «ሰላምታ ነው። ሰላምታ ያወፍራል ብሎ ማን ያስባል?»

ካወቀች በኋላማ መከራው ሌላ ሆነ። እምቢ በይ ለማለት ቀላል ነው፤ ምርቃትም ጀስት ሴይ ኖ፣ ማሚ አለቻት። ግን በተዘረጋ እጅ ላይ እምቢ ይባላል? መጀመሪያ ጥርሴን አሞኛል አለች፤ አንዱ ደንበኛ በማግሥቱ ቅርንፉድ ይዞላት መጣ። ሆዴን ነው አለች፤ ሌላው ፌጦ አመጣላት። ሐኪም ከልክሎኛል ስትል ደግሞ አንዲት ሴት፣ ሐኪሙ የአንቺን ወጥ ስላልቀመሰ ነው ብላ ሁለት አከታትላ አጎረሰቻት።

በመጨረሻ ቆርጣ እምቢ ያለችው ገብሬን ነው። ገብሬ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነው፤ ቤቱ ከተከፈተ ጀምሮ የማይቀር ደንበኛ፣ ሰውነቱም ጉርሻውም ግዙፍ የሆነ ሰው። ያን ቀን የቴኒስ ኳስ የሚያህለውን ጠቅልሎ እጁን ሲዘረጋ፣ ሙሉሸዋ ከንፈሯን ገጥማ ራሷን ነቀነቀች። የገብሬ እጅ አየር ላይ ቀረ፤ ወጡ በእጁ አንጓ እየወረደ ሸሚዙ ውስጥ ገባ። ጉርሻውን ቀስ ብሎ ትሪው ላይ መለሰው፣ እጁን ታጠበ፣ ደረጃውን ወረደ። ሳምንቱን ሙሉ አልመጣም። ወዲያው ደግሞ ከተማው ውስጥ ወሬ ተነሳ፤ ባለቤቲቱ ራሷ የማትቀምሰው ምግብ ምን ቢሆን ነው ተባለ። ከስምንቱ ጠረጴዛ ሦስቱ ባዷቸውን መዋል ጀመሩ።

ሙሉሸዋ እንቅልፍ አጣች። ብትጎርስ ስቅለት ላይ ያ ወንበር ይጠብቃታል፤ ባትጎርስ ቤቷ ይዘጋል።

በሳምንቱ ገብሬ መጣ። የለመደው ቦታ ተቀመጠ፣ ጥብሱን አዘዘ፤ ሰው ሁሉ እያየው ካለፈው የባሰ አንድ ትልቅ ጉርሻ አዘጋጅቶ ከፍ አድርጎ ያዘ።

«ሙሉ» አላት፣ «ትጎርሻለሽ ወይስ ልሂድ?»

ከየት እንደመጣላት እስካሁን አታውቅም። «እጎርሳለሁ ጋሽ ገብሬ» አለችው። «ግን ከዛሬ ጀምሮ ይህ ቤት ደንብ አለው። ያጎረሰኝ ሰው ቅዳሜ ከእኔ ጋር ኡሁሩ ፓርክ ይራመዳል። አንድ ጉርሻ፣ አንድ ዙር።»

«ይኸው ነው?» ብሎ ገብሬ ሳቀ። ከዚያም ቤቱ ሁሉ እያጨበጨበለት ሦስት ጊዜ አከታትሎ አጎረሳት።

ቅዳሜ ጠዋት በሰዓቱ መጣ። ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ክራባት አስሮ፣ እንደ መስተዋት የሚያበራ የቆዳ ጫማ ተጫምቶ። ኡሁሩ ፓርክ ውስጥ ጀልባ የሚቀዘፍበት ኩሬ አለ፤ ዙር የተባለው እሱን መዞር ነው። የመጀመሪያውን ዙር ገብሬ እያወራ ጨረሰው። ሁለተኛውን ዝም ብሎ ጨረሰው። ሦስተኛው አጋማሽ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ዘፍ አለና ጫማውን አወለቀ።

«ሙሉ፣ እባክሽ» አላት፣ «ሦስተኛዋን ጉርሻ መልሺልኝ።»

ሰኞ ዕለት ገብሬ ያጎረሳት የምስር ፍሬ ታህል ነበር። ሌሎቹም ወሬውን ስለሰሙ እጃቸው ከበደ፤ እጁን ሊዘረጋ ያሰበ ሁሉ መጀመሪያ ወደ ጫማው ያያል። በሦስት ሳምንት ውስጥ አርባ አንዱ ጉርሻ ወደ ዘጠኝ ወረደ። ዘጠኙን የሚያጎርሱት ሰዎች ግን የሚገርሙ ነበሩ። ቅዳሜ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ከመዋል ሲሉ ሆን ብለው የሚያጎርሱ ናቸው። ገብሬም ወደ ዙሩ ተመለሰ፤ አሁን ሸራ ጫማ ገዝቶ። ቡድኑ አሥራ አራት ደረሰ። አንዷ ባሏን ይዛ መጣች፤ ባልየው በሁለተኛው ሳምንት እናቱን ጨመረ።

ወቅቱ ደግሞ ኬንያ ሕገ መንግሥት ላይ ድምፅ ልትሰጥ የተዘጋጀችበት ነው፤ የሚደግፈው ወገን ምልክት ሙዝ፣ የሚቃወመው ብርቱካን ነበር፤ ከተማው በሰልፍ ይታመስ ነበር። አንድ ቅዳሜ እነዚህ አሥራ አራት ሐበሾች እጃቸውን እያወናጨፉ ኩሬውን ሲዞሩ አንድ ፖሊስ አስቆማቸውና የሰልፍ ፈቃድ አላችሁ ወይ፣ ሙዝ ናችሁ ብርቱካን ብሎ ጠየቃቸው።

ገብሬ እያለከለከ «ሙሉ፣ ንገሪው» አላት። «እኛ የጉርሻ ወገን ነን።»

ጉርሻን በስዋሂሊ ማስረዳት እንዴት ያለ ፈተና እንደሆነ ልንገርዎ አለችኝ። ይህ ሰውዬ አፌ ውስጥ በእጁ ምግብ ይከታል፤ ስለዚህም ይራመዳል አለችው። ፖሊሱ ጥቂት አሰበና ምግብ ቤቱ የት እንደሆነ ጠየቃት። ሰኞ ምሳ ሰዓት ደረጃውን ወጥቶ መጣ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ዩኒፎርሙን አውልቆ አሥራ አምስተኛ ሆኖ ዞረ።

እየሳቅሁ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ አለ። ሮይሳምቡን አልፈናል፤ ጀርባዬን ላብ አጥምቆታል፤ ፌስታሉ ጣቶቼን ቆርጧቸዋል። ሙሉሸዋ ወሬዋን ሳታቋርጥ እጇን ሰዳ ዱቄቱን ተቀበለችኝ። ያን ጊዜ ነው ሌላውንም የነገረችኝ። ማታቱ ውስጥ የመቀመጫ ቀበቶ ማሰር ግዴታ ከሆነ ወዲህ፣ ቀበቶው አልደርስላት እያለ ፖሊስ ባለበት ሁሉ በነጠላዋ ትሸፍነው ነበር። ጥር ወር ላይ አንድ ማለዳ እንዲያው ልሞክረው ብላ ስትስበው፣ ቀጭ አለ። ብቻዋን አጨበጨበች። ተሳፋሪው ልደቷ መስሎት አብሮ አጨበጨበላት። «ይኸው ቀበቶው ከገባልኝ ወዲህ ደግሞ ማታቱ ውስጥ መቀመጥ አስጠላኝ» አለች።

አሁን ሰማንያ ዘጠኝ ኪሎ ናት። ታዲያ ስቅለትን ምን ትፈሪያለሽ አልኳት።

ፌስታሉን ወደ ሌላው እጇ አዛወረች። ማታ ማታ ቤቷ ውስጥ ምንጣፍ አንጥፋ ስግደቱን ትለማመዳለች። እስከ ስልሳ በደህና ትደርሳለች። ከስልሳ በላይ ግን እጇ ሳታዘው የአልጋውን ጠርዝ ይይዛል። ትናንትም ይዟል።

«ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ደግሞ አልጋ የለም» አለችኝ። «ያለው ያ ወንበር ብቻ ነው።»

ካሳራኒ፣ ስቴጅ በሚሉት የማታቱ ፌርማታ ላይ ዱቄቴን መልሳልኝ ተለያየን። አራሷ ዘመዴ ቤት ስደርስ ላቤን አይተው ውሃ ሰጡኝ፤ ምን ሆነሽ ሲሉኝ ማታቱ ዘገየብኝ አልኩ።

ስቅለት ዕለት በማለዳ እሷ የነገረችኝ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። እውነቱን ልናገር፣ ዓይኔ ከመቅደሱ ይልቅ ሙሉሸዋን ይፈልግ ነበር። ከሴቶቹ መካከል ምርቃትን ከጎኗ አድርጋ ቆማለች፤ ነጭ በነጭ ለብሳ፣ በባዶ እግሯ። ከግድግዳው ሥር ወንበሮቹ ተደርድረዋል። እማማ ታየች እዚያው ቦታቸው ላይ ናቸው፤ ከጎናቸው ያለው ወንበር ላይ ጋቢያቸውን አጥፈው አስቀምጠዋል፤ ሰው እንዳይይዘው።

ኪርያላይሶን ተጀመረ። ሙሉሸዋ ትወድቃለች፣ ትነሳለች። ሠላሳን አለፈች። አርባን አለፈች። እኔም እሰግድ ስለነበር ቁጥሩ አንዳንዴ ይጠፋብኛል፤ ስልሳን ማለፏን ግን አውቃለሁ፣ ምክንያቱም ምርቃት ቀና ብላ እናቷን ማየት የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው። ፀሐዩ በርትቷል፤ አዳራሹ ይሞቃል፤ የሰው ሁሉ ከንፈር ደርቋል። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሙሉሸዋ ወደቀች፤ አልተነሳችም።

ሌላው ሁሉ ተነሳ። እሷ ግንባሯ መሬት ላይ ነው። እጆቿ ግራና ቀኝ ተዘርግተዋል። አምና ያነሷት ይመስለኛል፣ አጠገቧ ያሉት ሴቶች ተያዩና ሁለቱ ጎንበስ ብለው እጃቸውን ወደ ብብቷ ሰደዱ። ምርቃት መዳፏን ዘረጋችና አገደቻቸው።

«ተዉአት» አለች በለሆሳስ። «እየተነሳች ነው።»

እየተነሳች አልነበረም። ሁላችንም እናያለን። እማማ ታየች እጃቸውን ጋቢው ላይ አኑረዋል። ከዚያ የሙሉሸዋ ቀኝ እጅ ተንቀሳቀሰ፤ መዳፏ መሬቱን ገፋ። አንዱ ጉልበት መጣ። ቆየት ብሎ ሌላኛው መጣ። አንድ እግሯን አስቀድማ ረገጠች፣ ትንፋሿን ሳበች፣ ወገቧን አቃናች፣ ቆመች። ግንባሯ ላይ የምንጣፉ አቧራ ክብ ሠርቷል። ማንም አልነካትም። ወዲያው ኪርያላይሶን ተባለ፤ እሷም ከሰው እኩል ተመልሳ ወደቀች፣ ከሰው እኩልም ተነሳች።

ዞር ብዬ ሳይ እማማ ታየች ጋቢያቸውን ከወንበሩ ላይ አንስተው እግራቸው ላይ ጣል አድርገውታል።

እስከ መጨረሻው ሰገደች። ማታ ላይ ካህኑ በወይራ ቅጠል ትከሻዋን መታ መታ አድርገው የሰጧትን ስግደት ሳይቀር ጨመረች። ስንወጣ ጫማ ማውለቂያው አጠገብ አገኘኋት፤ ነጩን የስፖርት ጫማዋን ለማሰር ጎንበስ ብላለች፤ ምርቃት ከጎኗ ቆማ ዓይኗን ትጠርጋለች። እማማ ታየች በበትራቸው እየተደገፉ በአጠገባችን ሲያልፉ ቆም አሉ።

«ቦታ ይዤልሽ ነበር» አሏት። «ከዳሽኝ።»

«ይቅር ይበሉኝ እማማ» አለች ሙሉሸዋ። «በሰባ አራት ዓመቴ እመጣለሁ።»

እኔ አቅፌ ልስማት እጄን ዘርግቼ ነበር፤ ግን ሰሙነ ሕማማት ነው፤ ፋሲካ እስኪሆን መሳሳም የለም። እጄ አየር ላይ ቀረ። ሙሉሸዋ እጄን አየችው፣ ጫማዋን አስራ ጨርሳ፣ ምንም ሳትይዝ ብድግ ብላ ቆመችና ሳቀች።

«እትዬ» አለችኝ፣ «እሑድ ይስሙኛል። ምሳ እኔ ቤት ነው፤ በግ አለ። የሚያጎርሱኝ ከሆነ ግን ጫማ ይዘው ይምጡ።»